ጋራንቲው መቼ ነው የሚያልቀው? የአንድ የደንበኞች መዝገብ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ጥቅምት 2017 ዓ.ም ነው። የአንድ ክሊኒክ ሲቢሲ ማሽን፣ ማለትም የደም ሕዋሳትን የሚቆጥረው ማሽን፣ ቆመ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ደወለች። ማሽኑን በሸጥነው በእኛ ቢሮ ስልክ ያነሳችው ልጅ የክሊኒኩን ስም ሲስተሙ ላይ ፈለገችና አገኘችው። የጋራንቲ ማብቂያ የሚለው ቦታ 15/4/2017 ይላል። አጠገቡ በቀይ «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ አለ። ልጅቷ ያየችውን አመነች። የጥገናና የመለዋወጫ ፕሮፎርማ አዘጋጅታ ላከች።

ክሊኒኩ ማሽኑን የገዛው ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ነበር። ጋራንቲው የአንድ ዓመት ነው። ገና ሁለት ወር ገደማ ይቀረዋል። ቀኑን የመዘገበው ሠራተኛ 15/4/2017 ሲል ታኅሣሥ 15 ማለቱ ነው። ሲስተሙ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ኤፕሪል 15 ቀን 2017 ብሎ አነበበው። በሲስተሙ ቆጠራ ጋራንቲው ካለቀ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ኃላፊዋ ፕሮፎርማው እንደደረሳት መልሳ ደወለች። «ስትሸጡ ሌላ፣ ስትጠግኑ ሌላ ናችሁ» አለችን። ይቅርታ ጠየቅን። ቴክኒሺያን በዚያው ቀን ሄዶ በነጻ ጠገነ። ክሊኒኩ ግን ከዚያ ወዲህ ሪኤጀንት፣ ማለትም ማሽኑ ለምርመራ የሚጠቀምበትን ኬሚካል፣ ከእኛ አልገዛም። በዚህ ሥራ ማሽኑ የሚሸጠው አንዴ ነው። ቤቱን የሚያቆመው በየወሩ የሚሸጠው ሪኤጀንት ነው። ስለዚህ አንድ በስህተት የተነበበ ቀን አንድ ደንበኛ አሳጣን።

በዚያን ጊዜ የአገልግሎት ክፍሉን የማስተባብረው እኔ ነበርኩ። ከዚህ በኋላ የደንበኞቻችንን መዝገብ እንዴት እንዳስተካከልን፣ የት እንደተሳሳትን፣ ምን እንዳልቻልን እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጃችንን አስፈቅጄ ነው። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠቅስም።

የድርጅቱ ሁኔታ

ድርጅቱ የላቦራቶሪ ማሽንና ሪኤጀንት አስመጪ ነው። ቢሮው አዲስ አበባ ነው። ደንበኞቹ በብዛት የግል ክሊኒኮች፣ ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከላት ናቸው። ሥራ የጀመረው መስከረም 2010 ዓ.ም ነው። እስከ 2014 ዓ.ም ድረስ እያንዳንዱ የሽያጭ ሠራተኛ የራሱ ኤክሴል ነበረው። አንድ ሰው ሥራ ሲለቅ ደንበኞቹም አብረውት ይጠፉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ሲአርኤም ተገዛ። ሲአርኤም ማለት የደንበኛን ስም፣ ስልክ፣ የገዛውን ዕቃ፣ የደወለበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ ሁሉ አንድ ቦታ የሚይዝ ሲስተም ነው። የአምስት ሰው ኤክሴል በሁለት ቀን ውስጥ ተገልብጦ ገባ። ማንም ቁጭ ብሎ አላየውም። ሁላችንም «ከገባ በኋላ እናስተካክለዋለን» አልን። ሳናስተካክለው ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ።

ችግሩ ምን ይመስል ነበር

ከክሊኒኩ ስልክ በኋላ መዝገቡን በደንብ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ስም ነው።

ፎርሙ ሁለት ሳጥን ነበረው፤ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም»። ሁለተኛው ካልተሞላ ሴቭ አያደርግም። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። ስለዚህ አንዱ የአባት ስም ጻፈበት፣ ሌላው የአያት፣ ሌላው ነጥብ ብቻ አስቀምጦ አለፈ፣ ሌላው «ክሊኒክ» ብሎ ሞላው። ሲስተሙ ደግሞ በሚልከው መልእክት ላይ ማዕረጉን ከቤተሰብ ስም ጋር ያገጣጥማል። ለምሳሌ አስቴር ታደሰ የምትባል ደንበኛ ብትኖር «ውድ ወ/ሮ ታደሰ» የሚል መልእክት ይደርሳታል። በአባቷ ስም ወይዘሮ ተብላ ስትጠራ ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም።

ቀጥሎ ፊደሉ መጣ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ለአንባቢ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር አራት የተለያየ ስም ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ አላቸው። ገ/ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገብረ ማርያም የሚለውም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ደግሞ የባሰ ነው። ፀሐይን አንዱ በቲ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ። ስለዚህ ስልክ ያነሳች ልጅ ደንበኛውን ፈልጋ ታጣዋለች። ደንበኛው መስመር ላይ እየጠበቀ ነው። ምን ታድርግ? አዲስ ብላ ትመዘግበዋለች። አንድ ክሊኒክ አራት ጊዜ ተመዝግቦ አግኝተናል። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ የክሊኒኩ ባለቤት በሆነችው ሐኪም ስም፣ አንዴ ከነደረጃው «መካከለኛ ክሊኒክ» ተብሎ።

ስልኩም ከዚህ አይሻልም። አንዱ ቁጥር በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ+2519፣ ሌላው በ2519፣ ሌላው በባዶ 9። ዜሮዋን የበላት ኤክሴል ነው። በ251 የተጻፉትን ረጃጅም ቁጥሮች ደግሞ አሳጥሮ 2.51911E+11 አድርጎ ያሳያቸዋል። ፋይሉ ኤክሴል ሆኖ እስካለ ድረስ ሙሉው ቁጥር ውስጡ አለ። ሲስተሙ ወደሚቀበለው ተራ የጽሑፍ ፋይል (ሲኤስቪ) ሲገለበጥ ግን የሚሄደው የሚታየው ነው። የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች እዚያው ይቀራሉ። እነዚያን ቁጥሮች መልሰን አላገኘናቸውም።

አድራሻ ላይ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ የሚጠይቅ ሳጥን ነበር። ሰው ምን ይጻፍበት? «መገናኛ» ብሎ ያለፈ አለ። «የቤት ቁጥር አዲስ» ያለ አለ። ምልክት አድርገው የጻፉትም ቢሆኑ ምልክቱ ራሱ ጠፍቷል። በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ሲፈርስና የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር እዚያ አካባቢ የነበሩ አድራሻዎቻችን ትርጉም አጡ። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ቦሌና የካ ተብለው የተመዘገቡ ደንበኞች ክፍለ ከተማቸው ተቀይሯል፤ መዝገባችን ግን አልሰማም።

ሰዓትም ነበር። ቀጠሮ የያዘው ሠራተኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት 3:00 ብሎ ይጽፋል። ሲስተሙ በፈረንጆቹ ያነበዋል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚሄደው ማስታወሻ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሰው ስልክ ላይ ይጮሃል። ይህን ያወቅነው አንድ ሐኪም ተናደው ሲደውሉ ነው።

መጀመሪያ የሞከርነውና ያልሠራው

የመጀመሪያው ሐሳብ የኔ ነበር። ዘመቻ አልኩ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ደንበኞች እስከ ዓርብ እንዲያሟላ ማስታወቂያ ወጣ። ባዶ ሳጥን ያለው መዝገብ በየቀኑ እየተቆጠረ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለጠፍ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ባዶው ሁሉ ተሞልቷል። ደስ አለኝ። ሰኞ አንዱን ስከፍት ስልኩ 0900000000 ይላል። ሌላ ስከፍት ኢሜይሉ የሠራተኛው የራሱ ኢሜይል ነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ጠይቀው ለመሙላት ጊዜ አልነበራቸውም፤ እኔ ደግሞ የምቆጥረው ባዶውን ብቻ ነበር። ከዘመቻው በፊት ባዶ ሳጥን «አላውቅም» ይል ነበር። ከዘመቻው በኋላ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ይናገር ጀመር። ይህን ለማጽዳት ዘመቻው ከወሰደው ጊዜ ብዙ እጥፍ ፈጅቶብናል።

ሁለተኛው ስህተት የስልክ ደንብ ነው። ፕሮግራመራችን ስልክ በ09 ካልጀመረ ሲስተሙ እንዳይቀበል አደረገ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ግን ሳፋሪኮም በ07 የሚጀምር ቁጥር እየሸጠ ነው። ደንበኛው 07 ይላል፣ ሲስተሙ እምቢ ይላል፣ ሠራተኛው 07ቱን 09 አድርጎ ይጽፋል። ስለዚህ ጤነኛ ቁጥር በእጃችን አበላሸን። ከዚያም በላይ የክሊኒኮች የቢሮ ስልክ በ011 የሚጀምር መሆኑን ረስተን ነበር።

ዘመቻውን ካቆምን በኋላ ብቻ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን ያደረግነው። መቶ መዝገብ በዕጣ አወጣን። በወረቀት አተምን። ሁለት ሆነን እየደወልን አንድ በአንድ አረጋገጥን። አንድ ሳምንት ፈጀ። ከግማሽ የሚበልጠው ቢያንስ አንድ ስህተት ነበረበት። ትልቁ ጥቅም ግን ቁጥሩ አልነበረም። የስህተቱን ዓይነት በዓይናችን አየነው። የስም ስህተት ከፎርሙ መጥቷል። የስልኩ ከኤክሴል። የቀኑ ከአቆጣጠር። ድግግሞሹ ደግሞ ከሌላ ቦታ መጣ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የሾፌራችን ደብተር

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ክሊኒክ አድራሻ ጠፍቶን ስንሯሯጥ ስልክ ተቀባይዋ ወደ ሾፌራችን ዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄ ክሊኒክ የት ነው?»

«የቱ? የዶክተሯ ነው ወይስ ፎቁ ላይ ያለው?»

«ሁለት ናቸው እንዴ?»

ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። ጠርዙ አልቋል። በእስክሪብቶ ተጽፏል። ፈልገው አነበቡላት፦ «ከአደባባዩ ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ጄኔሬተር ያለበት ግቢ። ዘበኛው ከኋላ በር ነው የሚያስገባው። ቅዳሜ ከሰዓት አይገኙም።»

እኛ ሲስተም ላይ «መገናኛ» ብለን ያለፍነውን ሰውየው እስከ በሩ ድረስ ጽፈውታል። አስፈቅጄ ደብተሩን ሙሉ ቀን አነበብኩት። ቦታ የቀየረ ክሊኒክ ተሰርዞ አዲሱ ቦታ ተጽፏል። የተዘጋው ላይ መስቀል ተደርጓል። ድርጅቱ ገንዘብ አውጥቶ ከገዛው ሲስተም ይልቅ የዚህች ደብተር አድራሻ ይታመን ነበር።

ለምን? ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሾፌራችን ተሳስተው ከጻፉ በነጋታው መንገድ ዘግቶባቸው፣ ነዳጅ ጨርሰው፣ ቴክኒሺያኑ እየተነጫነጨባቸው የሚዞሩት ራሳቸው ናቸው። የጻፈውም የሚጠቀመውም አንድ ሰው ነው።

ፋይናንስ ክፍል ሄጄም ያንኑ አየሁ። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ያለው የእነሱ የደንበኛ ዝርዝር ንጹሕ ነው። ሁሉም አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን፣ አለው። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ተመልሶ ይመጣባቸዋል። እኛ ጋ ግን ስልኩን የሚመዘግበው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ በተሳሳተው ስልክ የሚደውለው ቴክኒሺያን ነው። ስህተቱ ወደ ሠራው ሰው አይመለስም። መዝገባችን የተበላሸው በስንፍና ነው ብዬ ሠራተኛውን እወቅስ ነበር። ከዚህ በኋላ መውቀሱን ትቼ ስህተቱ ወደ ማን ይመለሳል የሚለውን መጠየቅ ጀመርኩ።

ያደረግነው

ፎርሙን ከመሠረቱ ቀየርነው። የቤተሰብ ስም ወጣ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ገባ፤ የአያት ስም ግዴታ አይደለም። መልእክት ሲላክ ማዕረጉ ከራሷ ስም ጋር ብቻ ይሄዳል። የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ተሰረዙ። በምትካቸው ክፍለ ከተማ ከዝርዝር ይመረጣል፣ ሰፈር ይጻፋል፣ «እንዴት ይደረሳል» የሚል ሰፊ ሳጥን አለ፣ ቴክኒሺያኑ በቴሌግራም የሚልከው ሎኬሽን ይያያዛል። «አልታወቀም» የሚል ምርጫ በየሳጥኑ ጨመርን። ሠራተኛው ሳይዋሽ የሚያልፍበት በር መሆኑ ነው። ሰዓት ላይ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚል ምርጫ አስገባንና ሲስተሙ ራሱ ወደ ፈረንጅ ሰዓት እንዲለውጠው አደረግን።

ቀኑ ብዙ ሥራ ጠየቀ። በቁጥር የሚጻፍ ወር ጭራሽ ተከለከለ። ወሩ በስሙ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ይመረጣል። ታኅሣሥ ብሎ መርጦ ኤፕሪል ማለቱ ነው የሚል የለም። ፕሮግራመራችን ከኋላ ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ኮድ ጻፈ። የጋራንቲ ማብቂያ የሚባለውን ሳጥን አጠፋነው። የሽያጩ ቀንና የጋራንቲው ርዝመት ካለ ማብቂያውን ሲስተሙ ያሰላዋል። ሁለት ቦታ የሚጻፍ ነገር አንድ ቀን መጣላቱ አይቀርም።

የቆዩትን ቀኖች መለየቱ አስቸጋሪ ይመስል ነበር። ግን ድርጅቱ መቼ እንደተቋቋመ ስናስብ ቀለለ። መስከረም 2010 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2017 ነው። ስለዚህ ከኤክሴል በገቡት ላይ የሽያጩ ዓመት ከ2010 እስከ 2014 ከሆነ የኛ አቆጣጠር ነው፤ 2017 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የፈረንጅ ነው። ሲአርኤሙ ከገባ በኋላ በተጻፉት ላይ ደግሞ ከ2014 እስከ 2017 የኛ፣ 2022 እና ከዚያ በላይ የፈረንጅ ነው። ሁለቱ አይጋጩም። በዚህ መንገድ አብዛኛውን በኮድ ቀየርነው።

በኮድ ያልተያዘ ሦስተኛ ዓይነት ግን ነበር። አንዳንድ ሠራተኛ ሲስተሙ ፈረንጅ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ዓመቱ ላይ ስምንት ይደምራል፣ ቀኑንና ወሩን ግን እንዳለ ይተወዋል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 የተሸጠው 15/4/2024 ሆኖ ተቀመጠ። ትክክለኛው ዲሴምበር 25 ቀን 2023 ነው። ሲታይ ጤነኛ ቀን ይመስላል። ሌላው ደግሞ ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ሲጽፍ ሲስተሙ እምቢ ብሎታል፣ ፌብሩወሪ 30 የለውምና። 28/2 አድርጎ አልፏል። ጳጉሜ ላይ የተሸጠውማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ የትም የተወሸቀ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ከወረቀት ፋይል ጋር አመሳከርን። ሁለት ወር ፈጀ።

ለፊደሉ ከደንበኛው ስም ጀርባ የማይታይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አዘጋጀን። እዚያ ውስጥ ሐ፣ ኀ እና ሃ ሁሉም ሀ ይሆናሉ፣ ሠ ሰ ይሆናል፣ ዐ እና ዓ አ ይሆናሉ፣ ፀ ጸ ይሆናል። ገ/ ወደ ገብረ ይዘረዘራል፣ ክፍተት ይጠፋል። ፍለጋ የሚካሄደው በዚያ ዓምድ ነው። የሚታየው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቆያል። ስሟን በፀሐዩ ፀ የምትጽፍን ሴት በጸሎቱ ጸ የማረም መብት የለንም። ወ/ ግን አስቸገረን። ወልደ ነው፣ ወለተ ነው፣ ወይስ ወይዘሮ? እሱን ለሰው ዓይን ተውነው።

ማዋሃዱና ኮሚሽኑ

ድግግሞሽ ለማጥፋት የተጠቀምነው በቲን ቁጥር ነው። የፋይናንስን ዝርዝር ወስደን ከኛ ጋር አገናኘነው። ቲኑ አንድ የሆነውን ሁሉ አዋሃድን። በሦስተኛው ቀን አንድ ቴክኒሺያን ከሳሪስ ደወለ። «እዚህ የተባለው ማሽን የለም» አለ። ማሽኑ ጀሞ ነበር። ክሊኒኩ ሁለት ቅርንጫፍ አለው፣ ቲኑ ግን አንድ ነው። ሁለቱን ቅርንጫፍ አንድ አድርገን የማሽኖቹን ታሪክ ደባልቀነዋል። ያዋሃዱትን መልሶ መለያየት ደግሞ ሲስተማችን አይችልም። ደግነቱ ከማዋሃዳችን በፊት በነበረው ማታ ሙሉውን መዝገብ ኤክሴል ላይ አውርደን አስቀምጠን ነበር። ከዚያ እያየን በእጅ መለስነው። ከዚያ በኋላ ቲን ባለቤቱን ይለያል፣ ቲንና ሰፈር አንድ ላይ ቅርንጫፉን ይለያሉ። ሰው ሳያየው የሚዋሃድ መዝገብ የለም።

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት የድግግሞሽ ምንጭ ኮሚሽኑ ነው። ሽያጭ ክፍሉ ለ«አዲስ ደንበኛ» የተለየ ኮሚሽን ይከፍላል። በየሐምሌው አዲስ የበጀት ዓመት ሲጀምር አዲስ ኮታ ይሰጣል። ስለዚህ የቆየ ደንበኛን ስሙን ትንሽ ለወጥ አድርጎ አዲስ ብሎ ማስገባት ገንዘብ ያስገኛል። ይህን ሳነሳ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ «እኛ ያልፈጠርነውን ደንብ ነው የተከተልነው» አለኝ። ልክ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደንቡን ለወጡት። አዲስ ደንበኛ ማለት ቲኑ ፋይናንስ ዘንድ ከዚህ በፊት የሌለና የመጀመሪያ ክፍያው የገባ ነው ተባለ። ሁለት ሠራተኞች ቅር ብሏቸው ነበር፣ አንዱም ሥራ ለቀቀ። ድግግሞሹ ግን ከሌላ ከየትኛውም እርምጃችን በበለጠ በዚህ ቀነሰ።

ሌላም ያጸዳነው ነገር ነበር። «ማስታወሻ» በሚለው ሳጥን ሰዎች የፈለጉትን ይጽፉ ነበር። ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጠባይ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አዋጁ ባይኖርም አንድ ደንበኛ ስለ ራሱ የተጻፈውን ቢያነብ የምናፍርበት ነገር መኖር የለበትም ብለን ሰረዝነው።

ስህተቱ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ

ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተጸድቶ ቢተው በዓመቱ ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር። ሁለት ነገር አደረግን።

አንደኛ፣ ቴክኒሺያን ሥራ ጨርሶ ከመዝጋቱ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጣል። አሁን የሚደወልለት ሰው ማን ነው? ስልኩስ? ቦታው ተቀይሯል? እዚያው ቆሞ ስለሚጠይቅ ደቂቃ አይፈጅም። ሾፌራችንም አንድ ስልክ ተቀባይ አጠገባቸው ተቀምጣ ደብተራቸውን ወደ ሲስተሙ ገለበጠችላቸው። ሦስት ከሰዓት ፈጀባቸው። ደብተሩን አልተውም ብለዋል፤ እኛም ተዉ አላልንም።

ሁለተኛ፣ ቴክኒሺያኑ የተሳሳተ ስልክ ወይም አድራሻ ሲያገኝ አንድ ቁልፍ ይጫናል። መልእክቱ የሚሄደው መዝገቡን ለጻፈው ሰው ነው፤ ለአለቃ ቅጂ የለውም። ይህ ላይ ተከራክረናል። እኔ አለቃም እንዲያየው ፈልጌ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ካስፈራራሃቸው እንደ ዘመቻው ይሆንብሃል» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ሠራተኞቹ ያለ ፍርሃት ያርማሉ፤ ሲመዘግቡም ደጋግመው ይጠይቃሉ።

በየሰኞው ጠዋት አንድ ሰው አንድ ሰዓት ተመድቦለት ሃያ መዝገብ ያያል። ተራው በየሳምንቱ ይዞራል። እኔም ተራ አለኝ።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ከሁሉ በፊት ፎርሙን ይይ። ከውጭ የመጣ ሲስተም የሚጠይቀው ውጭ ያለውን ነገር ነው። ሰው የሌለውን ሲጠየቅ ፈጥሮ ይሞላል። የቤተሰብ ስም፣ የመንገድ ስም፣ በቁጥር የሚጻፍ ወር፣ ሦስቱን ብቻ ማስተካከል ብዙ ያድናል። የባንክ፣ የትምህርት ቤት፣ የኢንሹራንስ፣ የጉዞ ወኪል መዝገብም ቢሆን ያው ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም ወረቀታቸው ላይ የልደት ቀን ሲቀያየርባቸው የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ባዶን ከመቁጠር የተጻፈውን ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል። መቶ መዝገብ በቂ ነው። ከማዋሃድ በፊት ሙሉ ቅጂ ይውረድ። ይህን ሳናደርግ ቢሆን ኖሮ የሳሪሱና የጀሞው ነገር እስከ ዛሬ አይፈታም ነበር። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ደብተር ያለው ሰው አይጠፋም። ዘበኛ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ያለችው ሴት ልትሆን ትችላለች። ሲስተም ከመግዛት በፊት እነሱን ማናገር ገንዘብ አያስወጣም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እስካሁን ያልተፈታው

ጋራንቲ ላይ ያለ ደንበኛ ከዚያ ወዲህ ፕሮፎርማ አልተላከበትም። ሌሊት የሚጮህ ማስታወሻም ቆሟል። ያቃተን የሰው መቀያየር ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላ ቶሎ ቶሎ ይዛወራል። እኛ የመዘገብነው እሱን ከክሊኒኩ ጋር አስረን ነው።

በቅርቡ አንዲት ሴት ደወለች። ሲስተሙ ስልኳን አውቆ የክሊኒኳን ስም ከፊት አመጣ። ስልክ ያነሳችው ልጅ «እንደምን አሉ፣ ማሽኑ ደህና ነው?» አለቻት። ሴትየዋ ያቺ በጥቅምት ፕሮፎርማ የላክንባት ኃላፊ ነበረች። ከዚያ ክሊኒክ ከወጣች ቆይታለች። አዲስ የምርመራ ማዕከል ገብታ ማሽን ልትጠይቅ ነው የደወለችው። «እዚያ የለሁም'ኮ» አለች። አሁን ሰውን ከሥራ ቦታው ለይቶ የሚመዘግብ ሌላ ፎርም እየሠራን ነው። ገና አላለቀም።